ዜማው ቡሬ ላይ ተያዘ

ጠጋ ጠጋ በሉ እስኪ። ከኋላ ያላችሁትም ቦታ ፈልጉና አረፍ በሉ፤ ቆሞ የሚሰማ ሰው ልቡ መንገድ ላይ ነው። የምነግራችሁ ስለ አንድ የታክሲ ሾፌርና ስለ አንዲት ሲዲ ነው። ሲዲ ስላልኩ አትሳቁብኝ። ዛሬ ዘፈኑ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቶ ቢያልቅም፣ በእኛ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈር አሁንም ሲዲ የሚጎርሱ ሚኒባሶች አሉ። የኮርሳም ሚኒባስ አንዷ ናት።

ኮርሳ ከጎፋ ሀና ማርያም የሚመላለስ ሾፌር ነው። አርባን ተሻግሯል፣ ፀጉሩ ከግንባሩ እየሸሸ ነው፤ ነገር አያበዛም። መኪናዋ አርጅታለች። የቴፑ ፍላሽ መሰኪያ ድሮ ስለተሰበረ የሚቀበለው ሲዲ ብቻ ነው። ከፀሐይ መከለያው ሥር የተሻጡ ሲዲዎች አሉት፤ ከእነሱ ውስጥ አንዷን ግን ለተሳፋሪ አያጫውታትም። ያቺ ሲዲ በኤምፒስሪ የታጨቀ ብዙ ዘፈን ይዛለች። የመጨረሻው ግን ዘፈን አይደለም፤ የአባቱ የአባ ኢሉ ድምፅ ነው።

አባ ኢሉ ላፍቶ ገና እርሻ በነበረ ጊዜ በሁለት በሬ ያረሱ፣ ስንዴና ጤፍ ያፈሱ ሰው ናቸው። አሁን መሬቱ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። እሳቸውም ሀና ማርያም ከኮርሳና ከሚስቱ ከገዲሴ ጋር ይኖራሉ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ደግሞ ልባቸው ወደ ኋላ መንገድ ጀመረ። ዛሬን ይረሱና ትናንትን ይኖሩታል። የልጃቸውን ስም ይስቱታል፤ የበሬዎቻቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ ስተው አያውቁም። አንዱ ዳልቻ ነው፣ ሌላው ቡሬ።

ገና ደህና ሳሉ፣ ላፍቶ ገበያ ዳር ዘፈን እየገለበጠ ይሸጥ የነበረው መሐሙድ ጥሎበት ይወዳቸዋልና፣ አንድ ቀን ደጃፋቸው ተቀምጠው የውቂያ ዜማ ሲያወጡ በስልኩ ቀዳቸው። የውቂያ ዜማ ምን እንደሆነ ለማታውቁት ልጆች ልንገራችሁ። እህል ታጭዶ አውድማ ላይ ሲበተን በሬዎች እየዞሩ ይረግጡታል። ከኋላቸው ያለው ሰው እያዜመ ይነዳቸዋል። የአባ ኢሉ ዜማ በኦሮምኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይመስላል፦

"ዙር ዳልቻ፣ ዙር ቡሬ፣
አንተ ረግጠህ እኛ በላን፤
ይቅር በለን፣ ዙርና ግባ።"

ቀኑ ወደ ማታ ሲል አባ ኢሉን ጭንቅ ይይዛቸዋል። "በሬዎቹ የት ሄዱ? ማን ይዟቸዋል?" እያሉ ግቢውን ይዞሩታል። ያኔ ኮርሳ እጃቸውን ይዞ ጋቢና ያስቀምጣቸውና ሲዲዋን ይከታታል። ከመጀመሪያው ዘፈን ወደ ኋላ አንዴ ሲጫነው መጨረሻው ላይ ይገባል። የራሳቸው ድምፅ ከበሩ ስፒከር ሲወጣ አባ ኢሉ ጉልበታቸውን እየመቱ ፈገግ ይላሉ። "ጥሩ እየሄደ ነው" ይላሉ፤ ጥቂት ቆይተው ያንቀላፋሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ ስልክ ተደውሎለት ዜማውን መሃል ላይ ቢያጠፋው፣ ሽማግሌው ብድግ ብለው የመኪናውን በር ለመክፈት ታገሉ። ኮርሳ ለምን እንደሆነ አልገባውም ነበር። ይህቺን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ ክረምት ነው፣ ነሐሴ ገብቷል። ጠዋት ጎፋ ላይ ተራ ሲጠብቅ ኮርሳ ሲዲዋን አውጥቶ ወደ ብርሃን አዞራት። አቧራና የጣት አሻራ ጠግባለች። ሰሞኑን አንዳንዴ መንተባተብ ጀምራለችና ላጽዳት አለ። ከወንበሩ ሥር ጨርቅ መዘዘ፣ ቤንዚን ነካ አደረገና ፈተጋት። የታክሲ ሰው እንዲህ ነው፤ ግራሶ ቢነካው በቤንዚን፣ ማስቲካ ወንበር ላይ ቢጣበቅ በቤንዚን። ሲጨርስ ሲዲዋ በብርድ ጠዋት ጉም እንደሸፈነው መስታወት ሆነች። እንዳበላሻት ገባው። ግን ተራው ደርሶ ረዳቱ ደገፋ "ሀና! ሀና ማርያም የሞላ!" እያለ ሰው ማስገባት ጀምሯል። ማታ አያታለሁ ብሎ ከመከለያው ሥር ሻጣት።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ጢም ብላ ሞልታ ከጎፋ ስትወጣ ስልኩ ጮኸ። ገዲሴ ናት። ገዲሴ እየነዳ እንደማታስቸግረው ያውቃል፤ ስለዚህ ወዲያው አነሳው።

"ኮርሳ፣ አባባ የሉም።"

"እንዴት የሉም?"

"ደመናውን አይተው 'እህሉ አውድማ ላይ ነው፣ ዝናብ ሊበላው ነው!' ብለው ተነሡ። አረጋግቼ አስቀመጥኳቸው። ልብስ ከገመድ ላወርድ ወጣሁ፤ ስመለስ ጋቢያቸው ወንበሩ ላይ ነው፣ የግቢው በር ወለል ብሏል።"

"መቼ?"

"ቆየ። መጀመሪያ ብቻዬን ስፈልግ... ኮርሳ፣ ና በቃ።"

መኪናዋን ዳር አስያዘ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ ጀመረው፤ "ሾፌር፣ ማን ወራጅ አለ አለህ?"

"ሚስቱ ጠርታው ነው፤ ስልኩን አልሰማህም እንዴ?" አለ ሌላው። "ምሳ ሳይበላ ወጥቶ ነዋ!"

ሳቅ ሆነ። ኮርሳ ዞር አለ። ፊቱን ሲያዩ ሳቁ በየጉሮሮው ቀረ።

"አባቴ ጠፍተውብኛል" አለ። "ትልቅ ሰው ናቸው፤ መንገድ አይለዩም። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት መጀመሪያ ተነሡ። "ምን ቆመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ ልጄ? ሂድ እንጂ! እኛ እግር አለን።" ሲወርዱም እጃቸውን መሪው ላይ ጣል አድርገው፣ "ሀና ማርያም ትከተልህ" አሉት። ያ ጎረምሳ አንገቱን ደፍቶ፣ "ብሮ፣ ምን ነው የለበሱት?" ሲል ጠየቀ።

"አረንጓዴ ሹራብ። ከዘራ የላቸውም፤ አለንጋ ነው የሚይዙት።"

ደገፋ በሩን ዘጋ። "እኔ በእግሬ ወደ ላፍቶ ገበያ እወርዳለሁ፤ ካገኘኋቸው እደውላለሁ። አንተ ንዳ!"

ኮርሳ ነዳ። ደመናው ከደቡብ በኩል እንደ ጥቁር ግድግዳ ተነሥቷል። የጠፋ ሰውን ዝናብ ብቻ ቢያገኘው ባልከፋ፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ገደል አለ፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። በበጋ ልጅ ይሻገረዋል። በክረምት ግን ላይ አገር ሲዘንብ፣ እዚህ ጠብ ሳይል ድንገት ሞልቶ ይመጣል። አምና አንድ ጎልማሳ ከነአህያው ወስዷል። አባ ኢሉ ወንዙን የሚያውቁት ድሮ በሬ በሚያጠጡበት መልኩ ነው። ሊሻገሩት ቢገቡ የሚያስቆማቸው ፍርሃት የላቸውም።

ገዲሴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ጋቢውን ታቅፋለች። መኪናዋ ሳትቆም ዘላ ገባች።

"ኮንዶሚኒየሙ ጋ ሂድ፤ አውድማው እዚያ ነበር" አለች።

"እሱን ነው የማስበው።"

ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሲጠይቁ ዘበኛው ከጎጆው ወጣ። "አዎ፣ መጥተው ነበር! እዚህ ቆመው ፎቁን ወደ ላይ እያዩ፣ 'ይህን ክምር ማን ከመረው? እንዲህ አይከመርም፤ ንፋስ ይጥለዋል' አሉኝ። ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ሳቅሁ። 'የኔ አውድማ ይህ አይደለም' አሉና ሄዱ።"

"በየት በኩል?"

ዘበኛው እጁን አነሣ፣ መልሶ ጣለው። "እኔ እንኳ... በር ስከፍት... አላየሁም፣ ወንድሜ። ባውቅ ኖሮ እይዛቸው ነበር።"

ከበሩ ፊት መንገዱ አራት ቦታ ይከፈላል። ኮርሳ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። "ዜማውን ከሰሙ ይመጣሉ" አለ። "በር ከፍተን እያጫወትን እንዙር። ድምፃቸውን ያውቁታል።"

ሲዲዋን ከመከለያው ሥር መዘዘና ከተታት። ቴፑ ዋጣት። ቅርር አለ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ቅርር አለ። የቴፑ ትንሿ መስታወት ላይ "ኤረር" የሚል ጽሑፍ በራ፤ ሲዲዋንም እንደማይጣፍጥ ጉርሻ መልሶ ተፋት። ኮርሳ መልሶ ከተታት። መልሶ ተፋት።

"ምን ሆነች?" አለች ገዲሴ።

"ጠዋት አጸዳኋት።"

"በምን?"

ኮርሳ ከወንበሩ ሥር ጨርቁን አውጥቶ አሳያት።

"በቤንዚን እንዳትለኝ።"

"ሳይቸግረኝ ጤፍ ተበደርኩ፣ ገዲሴ።"

ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ባሏ ሲዲዋን ለሦስተኛ ጊዜ ሲከታት አየች። አፏን መልሳ ዘጋች። "መሐሙድ ጋ" አለች ብቻ።

መሐሙድ ሱቁ ውስጥ አጎንብሶ የስልክ መስታወት ይቀይራል። ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ሥራውን ገፋ አደረገና ሲዲዋን ተቀበለ። ወደ መብራቱ አንሥቶ አያትና ጥርሱን ነከሰ።

"ኮርሳ፣ ይህን ያደረገ ሰው ጠላትህ ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ለኔ ተወው፣ እኔ እሰድብልሃለሁ፤ አሁን ጊዜ የለም። ስማኝ፤ ድምፁ የነበረበት ኮምፒዩተሬ መብራት ከፍና ዝቅ ሲል ተቃጥሏል። ይህ ላፕቶፕ ደግሞ የሲዲ አፍ የለውም። ያለችን ይህቺው ናት።"

ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ አወጣ። ትንፋሹን እፍ እያለባት ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር ጠረጋት፤ ልጅ ፊት እንደሚጠርግ ሰው። ገዲሴ ደጃፉ ላይ ቆማ ሰማዩን ታያለች። ነጎድጓዱ ሩቅ ነው፣ ግን ያጉረመርማል። መሐሙድ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሲዲዋን ከተታት። ቅርር... ዝም... ቅርር... ከዚያ የመጀመሪያው ዘፈን ብድግ አለ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለ መሐሙድ። ለማስታወቂያ የሚያከራየውን በባትሪ የሚሠራ ሞንታርቦ አንሥቶ መጣ። ጣራው ላይ በገመድ አሰረው፣ ሽቦውን ከቴፑ ጋር አገናኘ። "ወላሂ ጉሙ አልለቀቀም፤ በአፍንጫዋ ነው የምትተነፍሰው። ጉድጓድ እንዳትመታ። ከዘለለች መመለሷን እንጃ።"

"የላፍቶን መንገድ እያወቅህ ነው ጉድጓድ እንዳትመታ የምትለኝ?"

"እንግዲያው ዱዓ አድርግ። እኔ ሱቁን ዘግቼ በታች በኩል እፈልጋለሁ።"

ኮርሳ ወደ ኋላ አንዴ ተጫነው። የአባ ኢሉ ድምፅ ከሞንታርቦው ወጥቶ መንደሩን ሞላው። ዙር ዳልቻ፣ ዙር ቡሬ። ሰው ከየሱቁ አንገቱን አወጣ። ገዲሴ የተንሸራታቹን በር ከፍታ ግማሽ አካሏን ውጭ አድርጋ፣ "አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ ያየ!" ትላለች። አንዱ አላየሁም ይላል፣ ሌላው ትከሻውን ይሰብቃል። ዜማው ሲያልቅ ኮርሳ ይመልሰዋል፤ እንደገና ይጀምራል። እሱም ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንቁላል እንደጫነ ሰው ይሾልካል፤ ከኋላው ያሉት መኪኖች ክላክሳቸውን ያንባርቃሉ።

ላፍቶን ዞሩ። ወደ ሀና ማርያም ተመለሱ፣ በኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወጡ። ደገፋ ደወለ፤ "ገበያው ውስጥ የሉም።" መሐሙድ ደወለ፤ "በዚህም የሉም።" ኮርሳ ልቡ ሲዝል ይሰማዋል፤ ግን ዜማው አለና ይሰማሉ፣ ይመጣሉ ይላል በሆዱ። የልጅነቱ አባት አውድማ ላይ ሲያዜም ኮረብታ ማዶ ይሰማ አልነበር?

ከገደሉ አፋፍ አቅራቢያ አንዲት ሴት ከሰል አቀጣጥላ በቆሎ ትጠብሳለች። ገዲሴን ስትሰማ ማራገቢያዋን አስቀመጠች።

"እኒህ የሚያዜሙት ሰውዬ ናቸው የጠፉት?"

"አይ፣ አዎ... እሳቸው ናቸው!"

"ቅድም በዚህ ስታልፉ እኮ እዚሁ አጠገቤ ቆመው ነበር። በዚያ በኩል፣ ከእንጨቱ ክምር ኋላ።"

ኮርሳ ፍሬን ያዘ። "ስናልፍ? ይህ ዜማ እየተሰማ?"

"አዎ። ሰምተው ደስ አላቸው። ፊታቸው በራ። 'ጎበዞች፣ ጥሩ እየሄደ ነው፣ በርቱ' አሉና መርቀውኝ ሄዱ። ወደ ታች፣ በዚያ በቀጭኑ መንገድ።" ወደ ወንዙ አሳየችው።

ልጆቼ፣ ለኮርሳ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። የመጣችለት አንዲት የውቂያ ሕግ ናት፤ ልጅ ሆኖ አውድማ ዳር ቆሞ ያያት፣ መሪ ከያዘ ወዲህ ግን አንድም ቀን ትዝ ያላለችው። ውቂያ ላይ ዜማው እየተሰማ ከሆነ ሁሉ ነገር ደህና ነው ማለት ነው። መንገደኛው በርቱ ብሎ ያልፋል፤ ማንም ሥራውን ጥሎ አይመጣም። አንዱ በሬ አፈንግጦ ከአውድማው ሲወጣ ግን የሚያዜመው ሰው ዜማውን ይቆርጣል። ያመለጠውን በሬ ስም ብቻ ይጠራል፤ ደጋግሞ፣ ያለማቋረጥ ይጠራል። ያን የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ በሬውን ለመመለስ ይሮጣል። በሬው ገብቶ ዜማው ከተቆረጠበት ቦታ እስኪቀጥል ድረስ የሚቀመጥ ሰው የለም።

እንግዲህ አያችሁ፤ ያን ዕለት ጋቢና ውስጥ ዜማው ሲቋረጥ አባ ኢሉ በሩን የታገሉት ለዚህ ነበር። ዛሬም ልጃቸው ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ "ደህና ነን፣ አይምጡ" ሲላቸው ነው የዋለው።

"እኔ ነኝ የላክኋቸው" አለ ኮርሳ። "ወደ ወንዙ የላክኋቸው እኔ ነኝ።"

"በኋላ ትናገረዋለህ፤ አሁን ንዳ!" አለች ገዲሴ።

በቀጭኑ መንገድ ቁልቁል ተወረወረ። ዝናቡ ትላልቅ ጠብታ እየሆነ መስታወቱን መምታት ጀመረ። ዜማው ገና እየተሰማ ነው፤ ኮርሳ አንድ እጁን ሊያጠፋው ወደ ቴፑ ሰደደ። ዓይኑ ከመንገዱ ተነሣች። ያኔ የፊት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ገደል የገባ እስኪመስል። ገዲሴ ከጣራው ተጋጨች። መኪናዋ አፋፉ ላይ ተንሸራታ ቆመች፣ ሞተሩም ጠፋ።

ቴፑ ግን አልጠፋም። ሲዲዋ ዘላ ነበር፤ ዘላም አንድ ቦታ ላይ ተያዘች።

"ቡሬ... ቡሬ... ቡሬ... ቡሬ..."

የአባ ኢሉ ድምፅ ከሞንታርቦው እየወጣ ገደሉን ይመታል፣ ገደሉም ይመልሰዋል። ኮርሳ ጣቱን ማጥፊያው ላይ እንዳደረገ ደረቀ። ገዲሴም እጁን ያዘችው።

ከታች፣ ከዝናቡ ውስጥ፣ ሰው መለሰ።

"አቤት! መጣሁ! በየት በኩል ወጣ?"

ሁለቱም ወርደው አፋፉ ላይ ተደፉ። አባ ኢሉ ከታች ወንዙ ዳር ናቸው። አንድ እግራቸው ውኃው ውስጥ ድንጋይ ላይ ነው፤ ሊሻገሩ ሲሉ ስሙ ያገኛቸው ይመስላል። ፊታቸውን መልሰው እግራቸውን ከውኃው አወጡ። ግን ሽማግሌው ወደ ላይ አልወጡም። አለንጋቸውን አንሥተው በወንዙ ዳር ቁጥቋጦውን ይገልጣሉ። ቡሬን ይፈልጋሉ።

"አባባ! ወደ ላይ ይውጡ! ውኃ ይመጣል!"

"ቆይ እንጂ! ቡሬ ሳይገባ?"

"አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ኮርሳ!"

"ከዚያ ወዲያ በኩል ክበበው፣ አንተ ልጅ! ቆመህ አትጩህ!"

ከላይኛው ወንዝ አንድ ድምፅ ተሰማ። ነጎድጓድ አይደለም፤ ድንጋይ ከድንጋይ እየተጋጨ ሲመጣ የሚሰማው ነው። የዚያ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ኮርሳ ወርዶ፣ እምቢ የሚል ሰው ተሸክሞ የሚመለስበት ጊዜ የለም። ሞንታርቦው ደግሞ አልተወም፤ ቡሬ፣ ቡሬ፣ ቡሬ እያለ ሽማግሌውን እዚያው ፍለጋ ላይ ያቆያቸዋል።

"ገዲሴ፣ አጥፊው!"

"ካጠፋሁት ዝም ሲል... ያልገባ ይመስላቸዋል!"

"አውቃለሁ። አጥፊው!"

አጠፋችው። ገደሉ ዝም አለ። አባ ኢሉም ቀና ብለው ጆሯቸውን ወደ ላይ ሰጡ፤ ፊታቸው ጭንቅ ነው።

ኮርሳ በሕይወቱ አዚሞ አያውቅም። በሰርግ እንኳ አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ደገፋ "ሾፌራችን ክላክሱ ብቻ ነው የሚሠራው" እያለ ይቀልድበታል። አፉን ከፈተ፤ የመጀመሪያው ቃል እንደ ሳል ወጣ። ጉሮሮውን ጠራረገና ሲዲዋ ከተያዘችበት፣ ከቡሬ ቀጥሎ ያለውን ስንኝ ያዘው።

"አንተ ረግጠህ... እኛ በላን..."

ዜማው ተጣመመ። መልሶ አቀናው። ገዲሴ ከጎኑ ቆማ በእጇ ታጨበጭብ ጀመር።

"ይቅር በለን፣ ዙርና ግባ፤ ይቅር በለን..."

እዚያ ላይ ድምፁ ሊሰበር ፈለገ፤ አልፈቀደለትም። ከታች አባ ኢሉ አለንጋቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ገባ?" አሉ።

ኮርሳ ሊመልስ አልቻለም፤ ዜማው እንዳይቆረጥ። ድምፁን ብቻ ከፍ አደረገ። ዙር ዳልቻ፣ ዙር ቡሬ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሹራባቸውን አራገፉ፤ ከአውድማ ሥራ ለእረፍት እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብለው አቀበቱን መውጣት ጀመሩ። ቀስ ብለው! ያ ዓይነት ቀስታ ሰው ይገድላል። ኮርሳ እያዜመ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ እያዜመ ወደቀ፤ እያዜመ ተነሣ። አጋማሹ ላይ ደርሶ ብብታቸውን ያዘ። ዞረው ሳያዩት ውኃው ደረሰ። ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና ድንጋይ ይዞ፣ ቅድም እግራቸው የነበረበትን ድንጋይ፣ የገለጧቸውንም ቁጥቋጦዎች ዋጣቸው።

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ገዲሴ ጋቢውን አለበሰቻቸው። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፤ ፊታቸው ግን ረግቷል። የልጃቸውን ጉንጭ በእርጥብ እጃቸው ዳሰሱት።

"አንተ የማን ልጅ ነህ?"

"የኢሉ።"

"ኢሉ ይህን ዜማ ጥሩ ያወጣው ነበር" አሉ። "አንተ ግን ትንሽ ትቀራለህ። ቢሆንም በሬው ሰምቶሃል።"

ገዲሴ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ሄደ። በቆሎ ጠባሿም ከላይ እየሮጠች፣ በእጇ አንድ ትኩስ እሸት ይዛ ደረሰች። አባ ኢሉ ተቀብለው፣ ሰብረው ግማሹን ለኮርሳ ሰጡት። መሐሙድና ደገፋ ሲመጡ ሦስቱንም ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀው፣ መስታወቱን በትንፋሻቸው አጉመው አገኟቸው።

ሲዲዋ ከዚያ ወዲህ አልሠራችም። መሐሙድ ሞክሮ ሞክሮ መለሳት፤ ቴፑ ይውጣታል፣ ይተፋታል። ኮርሳ ግን አልጣላትም፤ ከመከለያው ሥር ናት። ቀኑ ወደ ማታ ሲል አባ ኢሉን ጋቢና ያስቀምጣቸውና ቴፑን ሳይነካ መሪውን በጣቱ እየመታ ራሱ ያዜምላቸዋል። አሁንም ጎበዝ አይደለም። ሽማግሌው አንዳንዴ ያርሙታል፣ አንዳንዴ ያንቀላፋሉ። እስኪያንቀላፉ ድረስ ግን መሃል ላይ አይቆርጠውም፤ ስልክ ቢጮህም አያነሳም።

በሉ ልጆቼ፣ ቁጭ ብላችሁ ስለሰማችሁኝ ኑሩልኝ። ካወራሁት ሁሉ ብዙው ቢረሳችሁ አልቀየምም፤ ሲዲውም ሞንታርቦውም ይርሳችሁ። የበሬውን ስም ግን፣ እባካችሁ፣ ያዙልኝ። ቡሬ ነበር የሚባለው። አንድ ቀን ደጋግሞ ሲጠራ ብትሰሙ፣ የያዛችሁትን ጥላችሁ ሂዱለት።